በአጥንቷ ውስጥ የወደቀችው ስባሪ

የወንድሜን ልጅ የትምወርቅን ቀኝ ክንዷን ያማት ጀመር፤ እኛም ያን ጊዜ መንሾካሾክ ጀመርን። ከሁለቱ የከፋው የቱ ነው ብትሉኝ መንሾካሾኩ ነው እላለሁ። ጥሩሸዋ እባላለሁ፤ መሐል ሜዳ ገበያ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና የምሸጥ ሴት ነኝ። ደንበኛ ባናዬን ሲያጣጥልብኝ የምሰጠው መልስ ከገበያው ወዲያኛው ጫፍ ይሰማል። ለሹክሹክታ አልተፈጠርኩም። ባል ያጣሽው በዚሁ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ።

የትምወርቅ የታናሽ ወንድሜ የፈንታ ልጅ ናት። እነፈንታ ጓሳ አፋፍ ሥር ገብስ እያረሱ፣ በግ እያረቡ ይኖራሉ። እሷ ግን ትምህርት ቤቱ እንዲቀርባት ከእኔ ጋር ናት፤ ስምንተኛ ክፍል። ጠዋት ፀጉሯን ስታበጥር ክንዷን ታነሣና መሐል ላይ ታቆማለች። "ምን ሆንሽ?" ስላት "ምንም፣ ትንሽ ይጠዘጥዘኛል" ትላለች። አንድ ቀን ማበጠሪያው ከእጇ ሲወድቅ አየሁ። ፈንታን በስልክ ጠራሁትና እሷን ይዘን ሆስፒታል ገባን።

እዚያ ያገኘነው ዶክተር አንዷለምን ነው። የራቤል አገር ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ። ራጅ አስነሣት። ከዚያ እሷን ውጭ አስቀምጠን እኔና ፈንታ ገባን፤ ፎቶውንም በመብራት ፊት ዘርግቶ አሳየን። ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ አጥንቷ ውስጥ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ጥቁር ነገር አለ። በዙሪያው የቀረው አጥንት የሽንኩርት ልጣጭ ያህል ስስ ነው።

"እዚህ ላይ አጥንቱ ባዶ ሆኗል" አለን። "እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነው። በልጆች አጥንት ላይ የሚወጣ ነው፣ እምብዛም አያጋጥምም፣ ግን ክፉ አይደለም። አይዛመትም፣ አይገድልም። ዕጢ ሊሆን አይችልም ወይ ካላችሁኝ ግን፣ በዚህ ፎቶ ብቻ ልምልላችሁ አልችልም። ደብረ ብርሃን ያለችው የአጥንት ሐኪም ትያት። እስከዚያው ከባድ ነገር አታንሣ፣ አጥንቱ ስስ ነው።"

ፈንታ ከዚህ ሁሉ ንግግር አንዲት ቃል ብቻ አንጠልጥሎ ወጣ፤ ዕጢ የምትለዋን። ውኃውን ረሳው፣ አይገድልምን ረሳው። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ "ቆርጠው ይጥሉታል" አለኝ። ከግሼ በኩል አንድ ሰው እግሩን አሞት አዲስ አበባ ሄዶ በአንድ እግሩ መመለሱን ሰምቷል። "ልጄን ጎዶሎ አድርገው ሊመልሱልኝ? አልወስዳትም። እንዳለች፣ በሙሉ አካሏ፣ የፈጣሪ ፈቃድ ይሁን።"

"አንተ ሰውዬ፣ ዶክተሩ እኮ ይቆረጣል አላለም!"

"አይሉማ። መቼ ይሉሻል? አስተኝተው ነው እንጂ።"

የሚስቱ የእስከዳር እንባ፣ የእሱ ግትርነት፣ የእኔ ጩኸት ሦስት ሆነው የንስሐ አባታችን ዘንድ ደረሱ። አባ መልከ ጼዴቅ ደግ ሰው ናቸው፤ ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ ቀስ ብለው ይናገራሉ። እኔ ልጅቷ ይነገራት ባይ ነበርኩ። ዐሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ፣ የገዛ ክንዷ ጉዳይ ነው፣ ትወቅ አልኩ። አባ ግን ፈንታን አዩት፣ እስከዳርን አዩዋት፤ መስቀላቸውን አውጥተው "ለልጅቱ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ገዝቻለሁ" አሉ። በቃ። የንስሐ አባት ግዝት በእኛ አገር ከቁልፍ ይጠብቃል። እኔ ጥሩሸዋ፣ ገበያ የማይበቃኝ ሴት፣ አፌ ተሸበበ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ የሚያስፈራው ሕመሙ ሳይሆን ደግነታችን ነው። እናትና አባቷ በየሰሞኑ ቤቴ ይመላለሱ ጀመር፤ እናቷ ወተቱን ሁሉ ለእሷ አደረገችው። አባቷ ለወትሮው ለበዓል ካልሆነ ቢላዋ የማያስነካውን በግ በአዘቦት ቀን ጣለላት። "ውኃ አትቅጂ፣ እኔ አለሁ።" "ደብተርሽን ስጪኝ፣ እኔ ልያዝልሽ።" እሷም ዝም ብላ ትበላለች፣ ዝም ብላ ደብተሯን ታስይዛለች፤ እኛም ምንም አታውቅም ብለን ደስ ይለናል። እኔ ደብረ ብርሃን በስልክ ቀጠሮ አስያዝኩ፤ ፈንታ ግን አልወስዳትም እንዳለ ነው። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ቆመ። ካልታከመች ያ ነገር ምንነቱ አይታወቅም፤ ለማሳከም ደግሞ አባቷ ፈርቷል።

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን የጓሳ ሳር ተከፈተ።

ጓሳ ሲከፈት ያላየ ሰው ምን እንደሆነ አይገባውም። ሳሩ ለዓመታት ተጠብቆ፣ ማንም ማጭድ ሳያሳርፍበት ወገብ ድረስ አድጎ ይቆያል። ሽማግሌዎቹ በእገሌ ቀን ይታጨዳል ብለው ሲያውጁ አገሩ በሙሉ ይነቃነቃል። የቤት ክዳን የሚታደሰው፣ ገመድ የሚገመደው በዚያ ሳር ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ አህያው፣ በቅሎው፣ ሰው ሁሉ አፋፉን ይወጣል፤ ብርዱ ጣት ይቆርጣል፣ ግን ማን ልብ ብሎት። አጫጁ ይፎክራል፣ ሴቱ እያሰረ ይዘፍናል። የትምወርቅም ቅዳሜ ነውና ትምህርት የለም፣ ልሂድ ብላ ለመነችን። "እንድታይ ብቻ፣ ምንም እንዳትነኪ" ተብላ መጣች። አባም ለቤተ ልሔሙ ክዳን የሚሆን ሳር ሊያስቆርጡ ከደብሩ ሰዎች ጋር መጥተው ነበር።

ሙሉ ቀን ምንም አልነካችም። የእናቷን ጋቢ ተከናንባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሰው ታያለች። ፀሐይዋ ዘወር ስትል የኛን አህያ ጫንን። እኔ በአንድ ወገን፣ ፈንታ በሌላ ወገን ሆነን ስናጠብቅ ገመዱ ከፈንታ እጅ አመለጠ፤ ጭነቱ በእስከዳር ላይ ሊገለበጥ ዘመመ። ልጅቷ ዘላ ተነሣችና ገመዱን በቀኝ እጇ ያዘችው። ያዘችው ብቻ ነው፤ አልጎተተችውም። ያኔ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ።

አልጮኸችም። ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ ቁጭ አለች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። የጮኸው ፈንታ ነው። "በላው! አጥንቷን በልቶ ጨረሰው!" እያለ መሬቱን ይመታል። ሰዉ ማጭዱን እየጣለ መጣ። አንዱ ወጌሻ ይጠራ ይላል፣ ሌላው ይታሽ ይላል። እኔ ነጠላዬን ከላዬ ገፍፌ ክንዷን ከደረቷ ጋር አሰርኩና "የሚነካት ሰው ከእኔ ጋር ነው ጠቡ!" አልኩ። አስፋልቱ ዳር ሳር የሚጭን አይሱዙ ቆሞ ነበር። እሷን ከሾፌሩ ጎን አስቀመጥን፤ እኛና አባ ሳሩ ላይ ወጣን። መንገዱን ሙሉ ፈንታ "አለቀ፣ አለቀ" ይላል፤ እኔም በየጉድጓዱ "ቀስ በል አንተ!" እያልኩ የሾፌሩን ጣራ እደበድባለሁ።

ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተር አንዷለም ተረኛ ነበር። መጀመሪያ የሕመም ማስታገሻ ሰጣት፤ ከዚያ ተቀምጣ ራጅ አነሣት። ፎቶውን አየ። ጠጋ ብሎ አየ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ደግሞ አየ። "አስተኙልኝ፣ በጣም ቀስ ብላችሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሜ ላንሣት" አለ። ተኝታ ራጅ ተነሣች። ሁለተኛውን ፎቶ ሲያይ እጆቹ እንደ ልማዳቸው መወራጨት ተዉና ሁለቱም ራሱ ላይ ወጡ። ስልኩን አወጣ፣ ሁለቱንም ፎቶ አነሣ፣ ወደ ውጭ ሮጠ።

ተከትዬው ወጣሁ። "ምንድን ነው? ንገረኝ!"

"እትዬ ጥሩሸዋ፣ አሁን አልነግርዎትም። ባለፈው ያልጨረስኩትን ነገር ተናግሬ ምን እንዳደረጋችሁት አይቻለሁ። ለአጥንት ሐኪሟ ልኬላታለሁ፣ ትመልስልኝ። እኔ ራሴ ጠዋት ቤትዎ እመጣለሁ።"

ክንዷን በማንጠልጠያ ጨርቅ አሰረላትና ወደ ቤቴ ሄድን። አባ መሐል ሜዳ ቤተ ክርስቲያን ከሚያውቋቸው ካህን ዘንድ አደሩ።

እንግዲህ የሚቀጥለውን ለመረዳት የእኛን አገር መርዶ ማወቅ ያስፈልጋል። መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎረቤት ሳይበተን። የሚያረዳው ሰው ብቻውን አይመጣም፣ ቄስ ወይም ሽማግሌ ይዞ ነው። አንገቱን ደፍቶ ይገባል። ይህንን ማንም ያስተማረን የለም፣ ከእናታችን ጡት ጋር ጠጥተነዋል።

ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ፈንታ ከፈተው። አባ መልከ ጼዴቅ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ከኋላቸው ዶክተር አንዷለም ቀይ ዓይኑን ያሻሻል። ከእሱ ኋላ ደግሞ አከራዬ ጋሽ አትናቴዎስ፣ ግቢውን ሊከፍቱላቸው ተነሥተው ነገሩ ምን ይሆን ብለው አብረው የቀረቡ ሽማግሌ።

ፈንታ ሦስቱን ተራ በተራ አያቸው። ከዚያ ነጠላውን ወገቡ ላይ አሰረና "ወይኔ ልጄን! ወይኔ በቁሟ!" ብሎ ወደቀ። እስከዳር ደረቷን መምታት ጀመረች። አባ ምንም አያውቁም። ዶክተሩ ከኪዳን ሲወጡ ጠብቆ "አባ፣ የትምወርቅን ጉዳይ ነው፣ እርስዎ ከሌሉ ፈንታ አይሰማኝም፣ ቶሎ" ብቻ ብሏቸዋል። እሳቸውም እንደ ማንኛችንም ተረድተውታል። እጃቸውን ዘርግተው "እግዚአብሔር ያጽናችሁ ልጆቼ" አሉ።

አበቃ! አባ ያጽናችሁ ካሉ ምን ይቀራል? ግቢው በሙሉ ነቃ። ተሾመች ከጎን ቤት በሌሊት ልብሷ እየጮኸች መጣች፤ ፀጉሯን ይዛ "ያቺ ጨዋ ልጅ!" ትላለች። ሌላው ተከተለ። ጋሽ አትናቴዎስ ልጆቻቸውን ድንኳን የሚያመጣ ሰው እንዲጠሩ ላኩ። ዶክተር አንዷለም መሐል ላይ ሆኖ "ስሙኝ! እባካችሁ ስሙኝ!" ይላል፤ አንዲት ሴትዮ ደግሞ ትከሻውን እየዳሰሰች "አይዞህ የኔ ልጅ፣ አንተ የቻልከውን አድርገሃል" ትለዋለች።

በዚህ መሐል መጋረጃው ተገለጠ። የትምወርቅ ክንዷን እንዳንጠለጠለች፣ ግማሽ ፊቷ የትራስ ምልክት እንደያዘ ወጣች። ለቅሶውን ሁሉ ዞር ዞር ብላ አየችው።

"ማን ሞተ?" አለች።

እናንተ ሆዬ! ተሾመች ፀጉሯን እንደያዘች ቀረች። እኔ መሳቅ ይሁን ማልቀስ ጠፋኝ፤ የደረሰልኝ ንዴት ነው። ሰታቴውን ከመደርደሪያው አወረድኩና በጭልፋ ቀጠቀጥኩት። "ዝም! ሁላችሁም! ይህ ዶክተር በጎሕ ያመጣውን ይናገር!"

ዶክተሩ ትንፋሹን ሰበሰበ። "አንድ ጠርሙስ ውኃ ስጡኝ" አለ። "አንዲት ባቄላም። ለጋ ቅቤ ካለም ትንሽ።"

ሰጠሁት። ባቄላዋን በላስቲክ ጠርሙሱ ውኃ ውስጥ ጣላት፤ ሰመጠች። ጠርሙሱን አጋደመው፤ ባቄላዋ ወደ ጎን ሄደች። አቆመው፤ ተመልሳ ታች ወረደች። ሌላ ባቄላ ቅቤው ውስጥ ሻጠና ሳህኑን ዘቀዘቀው፤ አልተነቃነቀችም።

"አያችሁ?" አለ። ልጁ ሌሊቱን አልተኛም። "ትናንት አጥንቷ ሲሰበር ከስሱ ግድግዳ አንዲት ስባሪ ተገንጥላ ወደ ውስጥ ወድቃለች። ተቀምጣ ሳነሣት ስባሪዋ ከጉድጓዱ ታች ነበረች። አስተኝቼ ሳነሣት ቦታዋን ለቃለች።" ሁለቱን ፎቶ በስልኩ እየገላለጠ አሳየን፤ ጭረት የመሰለች ነጭ ነገር፣ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ። "ውስጡ ያለው ሥጋ ቢሆን ኖሮ፣ ዕጢ ቢሆን ኖሮ፣ እንደ ቅቤው ውስጥ ባቄላ ተይዛ በቀረች። የወደቀችው ውኃ ስለሆነ ነው! ሐኪሟም ሌሊቱን መልሳልኛለች፤ ከእኔ ጋር አንድ ቃል ናት። ከረጢቱ ነው። ክፉው አይደለም።"

"ክንዷስ?" አለ ፈንታ ከወደቀበት።

"ክንዷ የራሷ ነው! ማን ይነካዋል? ስብራቱ ይድናል፣ ከዚያ በመርፌ ውኃው ይቀዳል፣ መድኃኒት ይገባበታል። ቢላዋ እንኳ የለበትም። ሐኪሟ እሑድ ቢሆንም ተረኛ ናት፤ እስከ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ትቆያለች፣ ከዚያ አዲስ አበባ ትሄዳለች። አውቶቡሱ ደግሞ ሊነሣ ነው። በጠዋት የመጣሁት ለዚህ ነው እንጂ ላረዳችሁ አይደለም! አባን ያመጣሁትም ይህ ሰውዬ እሺ እንዲል ነው!"

የተነሣውን እልልታ መቼም አልረሳውም። ሊያለቅስ የመጣው ሁሉ ይጨፍራል። ተሾመች ዶክተሩን አቅፋ ከመሬት ልታነሣው ትንሽ ቀራት። አባ መልከ ጼዴቅ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው "ማረኝ ጌታዬ፣ በሕይወት ያለች ልጅ ላይ ያጽናችሁ አልኩ" እያሉ ትከሻቸው ይርገፈገፋል፤ ቀርቤ ሳይ እየሳቁ ነው። ከዚያ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉና ወደ ፈንታ ዞሩ። "ፈንታ፣ ተነሥ። ጫማህን አድርግ።" ቀስ ብለው የሚናገሩት አባ እንዲህ ባለ ድምፅ ሲያዙ አልሰማሁም ነበር። ፈንታ ተነሣ። ጫማውን ተገላቢጦሽ አጥልቆ ነበር የወጣው፤ አውቶቡስ ውስጥ ነው ያየነው።

ሮጥን። ጋሽ አትናቴዎስ ቀድመው አውቶቡሱ ፊት ቆመው፣ ከዘራቸውን ዘርግተው "አይነቃነቅም!" ብለው ሾፌሩን ይዘውልን ነበር። ድንኳን ሊያመጡ የተላኩት ልጆች ድንኳኑን ይዘው ደርሰው ቆመው ያያሉ።

ደብረ ብርሃን የጠበቀችን የአጥንት ሐኪሟ ዶክተር ቤተል አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት፤ ወደድኳት፣ ድምፅዋ እንደኔ ነው። ፎቶዎቹን ትልቅ አድርጋ አየች። "ትክክል ነው፤ ስባሪዋ ወድቃለች። የመሐል ሜዳው ልጅ ጎበዝ ነው፣ አስተኝቶ ደግሞ በማንሣቱ ደስ ብሎኛል" አለች። ከዚያ እኛን ትታ ወደ የትምወርቅ ዞረች፤ እስከዚያ ቀን ከእኛ መካከል ማንም ያላደረገውን አደረገች። ፎቶውን ለራሷ ሰጥታ ሁሉንም ነገረቻት። ይህ ባዶ ቦታ ነው፣ ይህ ውኃ ነው፣ ይህች ስባሪ ናት። መጀመሪያ ስብራቱ ይግጠም፤ ከዚያ ትመለሺና አስተኝተን በመርፌ እንቀዳዋለን፣ ፈሳሹም ይመረመራል። አንዳንዴ አንድ ጊዜ አይበቃም፣ ይደገማል። ልጅቷ ጣቷን ፎቶው ላይ እያስኬደች ሰማች። ጠዋት በለቅሶው ግርግር የተሰነጠቀው ግዝት አሁን ለይቶለት ፈረሰ፤ አባም አጠገቧ ቆመው አልከለከሉም።

ስብራቱ ገጠመ። በዐቢይ ጾም አጋማሽ ተመለስን፤ አባም አብረውን መጡ። ልጅቷን አስተኝተው ሲያስገቧት ፈንታ ኮሪደሩን ይመላለስ ጀመር። ያ ሁሉ ደስታችን የት እንደገባ እንጃ። ዶክተሯ ነግራናለች፤ ምንም ቢሆን የመጨረሻው ቃል የፈሳሹ ነው። ተስፋው ሁሉ በአንዲት መርፌ ውስጥ ነበር። እኔም ያንን ሁሉ ጩኸቴን አጥቼ የእስከዳርን እጅ ይዤ ተቀመጥኩ።

በሩ ተከፈተ። ዶክተር ቤተል ጭምብሏን ሳታወልቅ መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ያዘችው። ውስጡ ያለው ብርዝ ይመስላል፤ ቢጫ፣ ጥርት ያለ፣ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ።

"ይኸውላችሁ!" አለች። "ስትፈሩት የከረማችሁት ይኸው ነው። ውኃ!"

ፈንታ ተንበረከከ። እኔ እልልታዬን ለቀቅሁት፤ ነርሷ ሮጣ መጥታ "ሴትዮ፣ ሕመምተኛ አለ!" ብትለኝም አላቆምኩም። ፈሳሹ ሲመረመር ንጹሕ ሆነ። በቦታው መድኃኒት ገባ።

የመጨረሻውን ራጅ የተነሣችው በነሐሴ ነው። ያን ቀን ሁላችንም ነበርን፤ አባም፣ ዶክተር አንዷለምም እንኳ ፈቃድ ወስዶ መጥቶ ነበር። ዶክተር ቤተል የድሮውንና የአዲሱን ፎቶ ጎን ለጎን አቆመች። የድሮው ጥቁር ነው። አዲሱ ላይ አጥንት ከዳር ወደ መሐል ገብቶበታል፤ ነጭ በነጭ ሆኗል፣ ግድግዳውም ወፍሯል። አንዷለም "ሞልቷል! ሞልቷል!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ። "ለክትትል እየመጣሽ ታሳዪኛለሽ" አለቻት ዶክተሯ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ግን በዚህ ክንድ የፈለግሽውን ሥሪበት።"

ወጣንና ግቢው ውስጥ ቆምን። ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር። ፈንታ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ያገኘውን ዘበኛ ሁሉ ይስማል። የትምወርቅ ግን ወደ አባ ጠጋ አለች።

"አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ? በግራ እጅ ያማተቡት ይቆጠራል?"

"ምነው ልጄ? ክንድሽ ታስሮ ሳለ ከሆነ፣ እግዚአብሔር ያውቃል።"

"ታስሮ ሳለ አይደለም። ከመሰበሩ በፊት ነው። ማታ ማታ ጸሎት ሳደርስ በግራዬ እለማመድ ነበር። ሲቆረጥ እንዳይቸግረኝ ብዬ።"

የፈንታ ሳቅ ተቋረጠ። "ማን ነገረሽ?" አላት።

"ማንም። ስትንሾካሾኩ እኮ አልተኛም ነበር።"

ከእኔ በአንድ መጋረጃ ተለይታ፣ ብቻዋን፣ ያለ ቀኝ ክንድ መኖርን ስትለማመድ የከረመች ልጅ! እኔም የታሸገ አፌን ይዤ ከመጋረጃው ወዲህ ተኝቼ ነበር። እስከዳር ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። የገዘቱት አባ ከሁላችንም ባሰባቸው። ጎንበስ ብለው የልጅቷን ቀኝ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና ሳሙት። ቄስ የሕፃን እጅ ሲስም ያን ቀን አየሁ።

እሷ ደንግጣ እጇን ልትነጥቃቸው ሞከረች። "አባ፣ ታዲያ ይቆጠራል?" አለች ደግማ።

"ይቆጠራል ልጄ" አሉ አባ።